ፔቺያማል ሆድ ውስጥ የቀረው መድኃኒት

የፔቺያማል ስም ሲነሳ የመንደራችን ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ምላሷ ነው፤ ቀጥሎ በእንፋሎት ስለምታበስለው የሩዝ ቂጣ፣ ስለ ኢድሊዋ። እኔ ግን ስለ ሆዷ ነው የማወራው፤ ሆዷን በዓይኔ አይቼዋለሁና። ሱዳላይ እባላለሁ። ቲሩነልቬሊ ከተማ ውስጥ ስሙን መጥራት በማልፈልገው ሆስፒታል፣ የሰው ሆድ በካሜራ በሚታይበት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ተላላኪ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሽተኛ አስቀምጣለሁ፣ አስነሳለሁ፣ ያስመለሰውን እጠርጋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ያደረግሁትን ስትሰሙ «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማን ነኝ ብሎ ነው?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። በሉ፤ እውነታችሁን ነው።

ፔቺያማል በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «ፔቺ አካ»፣ ታላቅ እህቴ ነው የምላት። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ባሏ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሲሞት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ልጇ ኢሳኪ ገና ጡት አልጣለም። የባሏ ወንድሞች «ቤቱ የእኛ ነው፣ ውጪ» አሏት። እሷ መልስ አልሰጠችም። በማግስቱ ጧት የእንፋሎት ድስቷን በር ላይ ጥዳ፣ የሩዝና የምስር ቡኮዋን በድስቱ ጎድጓዳ ሳህኖች ላይ እያፈሰሰች ኢድሊ መሸጥ ጀመረች። ትልቁ ወንድም መጥቶ ድስቱን ሊያነሳ ሲል፣ የፈላውን ውሃ ጭልፋ ሙሉ ቀድታ «ና፣ መጀመሪያ አንተን ላብስልህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ «ውጪ» ያላት የለም። ሠላሳ ዓመት እዚያው በር ላይ አበሰለች።

ምላሷ እንዲህ ነበር። አንዱ ደንበኛ ማባያው ቀጠነ ብሎ ቢያማርር «ወፍራም ከፈለግህ እናትህ ጋ ሂድ፤ አንተን ያወፈረች እሷ ናት» ትለዋለች። እኔን ደግሞ ባየችኝ ቁጥር «ሱዳላይ፣ ጡረታህ ስንት ቀረው? ቁመናህማ ቀድሞህ ወጥቷል» ነው። ሰው እየተሰደበ ይበላል፤ ነገ ደግሞ ይመጣል።

እጇ ግን ሚዛን ነበር። አንዱ ኢድሊ ከሌላው በክብደት አይበልጥም አያንስም። በዚህ የተነሳ ነው ሆስፒታላችን ለሥራ የያዛት። ጨጓራ ምግብን በስንት ሰዓት እንደሚያወርድ ለማወቅ በሽተኛው ልክ የተመዘነ ምግብ መብላት አለበት። ሌላ አገር እንቁላል ያበላሉ አሉ። እኛ ጋ ግማሹ በሽተኛ እንቁላል አይነካም፤ ኢድሊን ግን እምቢ የሚል ገና አልተወለደም። ምርመራ ባለ ቁጥር ፔቺ አካ ቡኮዋን ይዛ ትመጣለች፣ ቴክኒሻኑ ካሜራው ብቻ የሚያየውን ጠብታ ቡኮው ላይ ጠብ ያደርጋል፣ እሷ ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ታበስለዋለች። «የፊልም ተዋናዮች ራሳቸው በሰው ሆድ ውስጥ አልታዩም፤ የእኔ ኢድሊ ግን ይታያል» ብላ ትኩራራ ነበር።

ስኳር እንዳለባት ከታወቀ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። እንደ ክፉ ጎረቤት ነበር የምታየው፤ አታናግረውም። ክኒኑን ሲላት ትውጣለች፣ ሳይላት ትተዋለች። ከዚያ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጧት የበላችው ከሰዓት በኋላ መመለስ ጀመረ። ሳይለወጥ፣ እንዳለ። አንድ ቀን ምርመራ ክፍላችን በር ላይ አስመለሰች። ጎንበስ ብዬ ስጠርግ ቀና ብላ ሳታየኝ «የጧቱ ነው። ራሴ የሠራሁት፣ አውቀዋለሁ» አለችኝ። አፍራ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ክንዷ ቀጥኖ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ነበር።

ያን ዕለት ዶክተር አርፑታም አየቻት። ዶክተር አርፑታም ከጎመን ዘር ቡቃያ የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር ላይ ጥናት የምታደርግ፣ ስትናገር የማትስቅ ሴት ናት።

«ስኳሩ የጨጓራሽን ነርቭ አደንዝዞታል» አለቻት። «ጨጓራሽ ምግቡን ወደ ታች መግፋት ትቷል። እኔ የማጠናው ዱቄት ያን ነርቭ ይቀሰቅስ እንደሆነ ነው። አይጦች ላይ ሠርቷል።»

«እኔ አይጥ ነኝ?»

«አይደለሽም። አይጦቹ አይጨቃጨቁም።»

ፔቺ አካ ሳቀች፤ የሚመልስላትን ሰው ትወዳለች። ዶክተሯ ቀጥላ በደንብ አስረዳቻት፤ እዚያው ቆሜ ነበር። ፓኬቱ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ በሽተኛ ዋናውን ዱቄት፣ ግማሹ ደግሞ ቀለም ብቻ የገባበት የሩዝ ዱቄት ያገኛል። ማን የቱን እንደወሰደ ጥናቱ እስኪያልቅ ሐኪሟም አታውቅም፤ ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ ሌላ ቢሮ ይቀመጣል። ፔቺ አካ ይህ ሁሉ ሲነገር መስኮቱ ላይ ያረፈች ቁራ ታይ ነበር። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና «በቃ?» አለች።

ዱቄቱን ከመጀመሯ በፊት ሆዷ በካሜራ መታየት ነበረበት። ራሷ ያበሰለችውን ኢድሊ በላች፤ በየሰዓቱ ካሜራው ፊት አቆምኳት። አራተኛው ሰዓት ላይ ቴክኒሻኑ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ምስሉ እዚያው ተከፍቶ ነበር። ያቺ የምታበራው ኢድሊ ጧት በነበረችበት ቦታ ናት።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ቴክኒሻኑ ይመጣል ማለት እችል ነበር። ምላሴን በቆረጠው! ሃያ ሁለት ዓመት ጠራጊ ሆኜ አንድ ቀን የሚጠይቀኝ ሰው ስላገኘሁ ደረቴን ነፋሁ።

«ፔቺ አካ፣ ንቅንቅ አላለም» አልኳት። «የሆነ ነገር ይዞታል። ሆድሽ ውስጥ ተጣብቆ ቀርቷል።»

ተጣብቆ ቀርቷል! እኛ ጋ ይህን ቃል ስለ ሆድ የሚናገር ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። ምቀኛ በምግብ አድርጎ መድኃኒት ሲያበላ፣ መድኃኒቱ ጨጓራ ላይ ተጣብቆ፣ የሚበላውን ሁሉ ይዞ፣ ሰውየውን አመንምኖ ይገድላል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት እንጂ።

ፊቷ ተለዋወጠ። «የማን እጅ ነው የምበላው እኔ?» አለች፣ እኔን ሳይሆን ራሷን። ቀን ቀን የራሷን እጅ ነው። ማታ ማታ የሚቀርብላት ሩዝ ግን የምራቷ ነው።

ምራቷ ሶርናም ትባላለች። አባቷ ዘምባባ ላይ ወጥቶ ጭማቂ የሚያወርድ ደሃ ነው፤ እሷም ባዶ እጇን ነው የመጣችው፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ ይነገራታል። ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ቫዲቩ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አላት፤ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ሳትይዝ አትሄድም።

ኢሳኪ እናቱን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ መድኃኒት አውጪው ጋ ሄደ። ሰውየው ሆዷ ላይ ቱቦ ደግኖ ሳበ፣ ሳበ፣ ከዚያ ግራጫ ነገር ከአፉ ተፋ። ጉንጩ ውስጥ ይዞት እንደሚገባ ውሻ እንኳ ያውቃል። ግን ተፍቶ አልበቃውም፤ ከመሃሉ ረጅም ጥቁር ፀጉር መዝዞ አሳያቸው። «ሴት ናት» አለ። «ቤታችሁ ውስጥ ናት። ሥሩ ግን ገና አልወጣም።» የኛ ሰፈር ሴት ግማሿ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ነው። የአንዳቸውን ፀጉር የመረመረ የለም፤ የሶርናምን ብቻ ለኩ።

ያን ቀን ኢሳኪ ግቢው ውስጥ መታት። ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ እያንዳንዷን ምት ሰማሁ። ወጥቼ «ኧረ ተው!» አልኩ ብላችሁ ነው? ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግሁት። ሚስቴ አየችኝ፣ እኔም ቴሌቪዥኑን አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ዘመድ ተሰበሰበ። የሶርናም አባት ደረቱ በዘምባባ ግንድ የተላጠ ሽማግሌ ነው፤ መጥቶ ፔቺ አካ እግር ላይ ተደፋ። «ልጄ እንዲህ አይነት ሰው አይደለችም፣ እናቴ» አላት። እሷ ደግሞ «ተነስ፣ ወለሉን አሁን ነው የጠረግሁት» አለችው። ይዟት ይሂድ የሚለው በዛ። ቫዲቩ ግን እዚሁ ትቀራለች ተባለ።

ያን ጊዜ ሶርናም ተናገረች። ድምፅዋን አብዛኛው ሰው የዚያን ቀን ነው የሰማው።

«የእኔ መድኃኒት ከሆነ የሐኪም ዱቄት አያወጣውም አይደል?» አለች። «ስኳር ከሆነ ግን ያድናታል። አሥራ ሁለት ሳምንት ስጡኝ። በእጄ አጠጣታለሁ። ካልተሻላት ማንም ሳይነግረኝ እሄዳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፔቺ አካ «ይሁን» አለች። «ውርርዱ የሷ ነው። ሆዴ ከተከፈተ ትኑር። ካልተከፈተ ግን ልጅቷን ዞራ እንዳታይ።»

ሶርናም ያን ሐሳብ ከየት እንዳመጣችው ልንገራችሁ። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብላ ዓይኗ አብጦ ግድግዳው ጋ ጠራችኝ።

«ሱዳላይ አና፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዱቄቱ ይሠራል?»

«አይጦች ላይ ሠርቷል» አልኳት።

«በእውነት?»

«በእውነት። ዶክተሯ ራሷ ነው ያለችው።»

ሁለት ዓይነት ነው አላልኳትም። ግማሹ ባዶ ነው አላልኳትም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ተስፋ ላጠፋው ጨክኜ አልቻልኩም፤ ደግሞም በውስጤ «ዋናው ይደርሳት ይሆናል፣ ግማሽ ለግማሽ ነው» አልኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም። ሰው ሲያዝን ደግ የሆነ ይመስለዋል፤ እኔ ያን ቀን ደግ የሆንኩ መስሎኝ በልቼ ተኛሁ።

ከዚያ አሥራ ሁለት ሳምንት። በየጧቱ ጎህ ሲቀድ ሶርናም ፓኬቱን ሰው ፊት ቀድዳ፣ አሬራ ውስጥ በጥብጣ ታቀርባለች። ፔቺ አካ ግን አትጠጣም።

«መጀመሪያ አንቺ።»

ሶርናም አንድ ጉንጭ ትጠጣለች።

«ዋጪው። አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ። እንዲህ እንደ ላም ገልብጠሽ አታሳይኝ፣ ደህና አድርገሽ!»

ኢድሊ ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ያያል። ከመሃላቸው የሚስቅ አይጠፋም። ሶርናም ምላሷን ታነሳለች፣ ከዚያ «ይጠጡ፣ እናቴ» ብላ ሁለት እጇን ዘርግታ ትሰጣለች። ዶክተሯ ያዘዘችውን ሁሉ አደረገች፤ ሩዙን አላመችው፣ ምግቡን በትንሽ በትንሹ ቀን ሙሉ አቀረበች፣ ባዶ ፓኬቶቹን አንድ ሳይጠፋ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀመች። ስትቆጥራቸው አያታለሁ። ዓይኗ ቀኑን እንጂ ሰውን አያይም።

በአምስተኛው ሳምንት ፔቺ አካ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላስመለሰችም። ሰፈሩ ሁሉ ተለወጠ። ሶርናምን ቧንቧው ጋ የማያናግሯት ሴቶች «ኧረ አማትሽ ፊቷ ወዛ!» ይሏት ጀመር። ፔቺ አካ ራሷ አንድ ጧት አሬራውን ጨልጣ «ጨው አሳንሰሻል። ልትገድይኝ ካሰብሽ ቢያንስ አጣፍጪው» አለቻት፤ ሶርናም አፏን በመጎናጸፊያዋ ይዛ ሳቀች። በአሥረኛው ቀን ሁሉም ተመልሶ ወጣ። የስኳር ሕመም እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይለቅና ሌላ ቀን ይይዛል። ለማን ብዬ ላስረዳ?

የመጨረሻው ምርመራ ዕለት ሶርናም ልጅቷን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ፔቺ አካ በላች፣ አቆምኳት፣ አስቀመጥኳት። ሁለተኛው ሰዓት ላይ አየሁ። ሦስተኛው ላይ አየሁ። አራተኛው ላይ እንዳላይ ወለል መወልወል ጀመርኩ።

«ምን ይላል?» አለች። እኔ መወልወሌን ቀጠልኩ። ቴክኒሻኑ «ለውጥ የለም፣ እናቴ» አላት፤ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ምን ያድርግ።

ልብሷን አስተካክላ ወጣች። «ልብስሽን ሰብስቢ» አለቻት ሶርናምን። አልጮኸችም። ሶርናም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች፤ ቫዲቩ ቀሚሷን እንደያዘች ናት። አብሮ የመጣው ኢሳኪ የልጅቷን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ሶርናም የዚያኑ ዕለት የአመሻሹን አውቶቡስ ተሳፈረች።

ፖስታው የተከፈተው ከአራት ወር በኋላ ነው። ዶክተር አርፑታም ዝርዝሩን ስታነብ አጠገቧ ወለል እየጠረግሁ «ፔቺያማል የትኛው ነበረች?» አልኳት።

«ከባዶዎቹ» አለች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ። «የሚገርም በሽተኛ ናት። አንድ ቀን እንኳ አላጓደለችም፤ ባዶ ፓኬቶቹን ሳይቀር መልሳለች። ሁሉም እንደሷ ቢሆን ኖሮ ጥናቱ እንዴት ባማረ።»

ዋናውን የወሰዱትስ? «አንዳንዶቹ ተሽሏቸዋል፣ አንዳንዶቹ እንደነበሩ ናቸው» አለች። መጥረጊያውን ጥዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ የተናገርኩትን ቃል፣ የተውኩትን ቃል። ከዚያ ወረቀት ሳበችና ሁሉም በሚገባው ታሚልኛ፣ ለፔቺያማል የተሰጠው ፓኬት ምንም መድኃኒት ያልነበረበት ባዶ ዱቄት እንደነበር፣ ሕመሟም ከስኳር የመጣ መሆኑን ጽፋ ፈርማ ማኅተም አደረገችበት። «ከፈለገች አሁን ዋናውን እሰጣታለሁ በላት» አለችኝ። እኔን አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ሶርናም ጋ ነው። አባቷ ደጅ የዘምባባ ቅጠል ቅርጫት ትሠራለች። ራሷን ተላጭታ ነበር፤ ልጄ ትመለስልኝ ብላ ፀጉሯን ለቤተ መቅደስ ሰጥታለች። አነበብኩላት። ድገምልኝ አለች፣ ደገምኩ።

«ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር።»

«እኔም በየጧቱ ቀምሼዋለሁ እኮ» አለች። «ሩዝ ሩዝ ይለኝ ነበር። እንዲህ ይሆናል የሐኪም ነገር ብዬ...» ቅርጫቱን አስቀምጣ ተነሳች። «እንሂድ፣ አና። አሁኑኑ እንሂድ። ማኅተም አለው አይደል?»

ስንደርስ ፔቺ አካ በሯ ላይ ነበረች። ከስታ አጥንቷ ወጥቷል፣ ግን ድስቷ ይፈላል። ኢሳኪ ከውስጥ ወጣ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ደስ አለኝ፣ ሁሉም ይስማ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ሱዳላይ» አለች ፔቺ አካ። «ያቺን ቦታ ድገማት። መድኃኒት የለበትም ነው የሚለው?»

«አዎ፣ አካ። ባዶ ዱቄት ነበር ነው የሚለው።»

«ሐኪሟ ናት የጻፈችው?»

«ራሷ። ማኅተሙ ይኸው።»

ወደ ልጇ ዞረች። «ሰማህ፣ ኢሳኪ? ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ደረሱባት። መድኃኒቱን አውጥታ ባዶ ዱቄት ነበር ስታጠጣኝ የከረመችው።»

«ኧረ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «አካ፣ ከሆስፒታል ሲመጣም ባዶ ነበር! ዕጣ ነው፣ ታሽጎ ነው የመጣው!»

«የታሸገውን ማን ነው በየጧቱ የሚቀድደው?»

«እሷ ናት፣ ግን...»

«በቃ። አንተው ራስህ አነበብከው።» ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። እስክትሞት ድረስ እንደ ማስረጃ ታሳየው ነበር። ጎረቤቱ እውነቷን ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዋናውን ዱቄት ዶክተሯ ልትሰጥሽ ነው ስላት፣ ሁለተኛ ከማንም እጅ መድኃኒት አልወስድም አለችኝ። ከዚያ በኋላ የኖረችው አሥራ አንድ ወር ነው።

ሶርናም ይህን ሁሉ የሰማች አልመሰለኝም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ቫዲቩ ከአያቷ ኋላ ብቅ ብላለች፤ አድጋለች። ሶርናም መሬት ላይ በርከክ ብላ ከመጎናጸፊያዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። አባቷ የሠራው የዘምባባ ስኳር ቁራጭ ነው።

«ነይ ወርቄ፣ ያንቺ ነው» አለቻት።

ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«ከአንቺ እጅ አይበላም» አለች። ተምራው ነው፤ ድምፅዋ ላይ ክፋት አልነበረበትም።

ሶርናም ግማሹን ቆርሳ በላችና ግማሹን ዘረጋች። «ይኸው፣ እናትሽ በልታለች። ምንም የለበትም።»

ቫዲቩ ቀና ብላ አያቷን አየች። ፔቺ አካ እንዳትበይ ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ማባበል ባለ ድምፅ «እሱንም አንቺው ብዪው» አለቻት።

ሶርናም እዚያው በርከክ እንዳለች በላችው።